ጎመን ወይስ ቆስጣ፣ ጥሬ ወይስ የበሰለ? ከዕለት ምግባችን የዕፅዋትን በረከት ለማግኘት የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

የሱፐርማርኬት መደርደሪያዎች በቺያ፣ በኪኖዋና በእርድ እንክብል እየተሞሉ ነው። ዋጋቸውም የዋዛ አይደለም። ከእነዚህ የትኛውን እንደሚገዛ ግራ የሚገባው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ንጽጽሩ መጀመር ያለበት ከራሳችን ጓዳ ነው ባይ ነኝ። ጤናን ይደግፋሉ የሚባሉት የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች በጎመኑ፣ በሽንኩርቱ፣ በተልባው፣ በገብሱና በቡናው ውስጥ ሞልተዋል። ብዙ ጊዜ የሚያመልጡን በአከታተፋችን፣ በአበሳሰላችንና አብረን በምንበላው ነገር ምክንያት ነው።

እነዚህ ንጥረ ነገሮች እንደ ቫይታሚን አጥተናቸው ወዲያው የምንታመምባቸው አይደሉም። ተክሉ ራሱን ከፀሐይ፣ ከነፍሳትና ከሻጋታ ለመከላከል የሚሠራቸው ናቸው፤ እኛ በቀለም፣ በምሬት፣ በሽታና በማቃጠል እናውቃቸዋለን። የካሮቱ ቢጫነት፣ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ፣ የሚጥሚጣው ማቃጠል፣ የቡናው ምሬት ሁሉ ከእነሱ የሚመጣ ነው።

ሁለት ምግብ ሳወዳድር ሦስት ነገር አያለሁ። ንጥረ ነገሩ በተክሉ ውስጥ ምን ያህል አለ? ከተክሉ ወጥቶ ወደ ደማችን ለመግባት መከተፍ ነው እሳት ነው ወይስ ቅባት የሚፈልገው? አብሮት የሚበላው ወይም የሚጠጣው ያግዘዋል ወይስ ይይዘዋል? የምርት ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ጎመን ወይስ ቆስጣ

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሳላመነታ ጎመንን እመርጣለሁ። የአበሻ ጎመን የሰናፍጭና የብሮኮሊ ዘመድ ነው፤ ቆስጣ ደግሞ የቀይ ስር ወገን ነው። የያዙትም እንደ ዘራቸው ይለያያል። ጎመን ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ፣ ድኝ ያለባቸው ንጥረ ነገሮች አሉት። ቆስጣ እነዚህ የሉትም፤ ኦክሳሌት ግን በብዛት አለው።

ኦክሳሌት ካልሲየምን አስሮ ይይዛል፤ የታሰረው ካልሲየም አንጀት ሳይቀበለው ያልፋል። ይህ ለጾመኛ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ወተትና አይብ በማይበላበት ወራት የካልሲየም ተስፋው ቅጠላ ቅጠልና እህል ነውና። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት የጎመን የቅርብ ዘመድ ከሆነው ኬል ውስጥ ካለው ካልሲየም 40 በመቶ ያህሉ ወደ ሰውነት እንደሚገባ አሳይቷል፤ ከወተት የተገኘው 32 በመቶ ያህል ነበር። ኦክሳሌት በሞላበት በስፒናች ላይ ቀደም ሲል በተደረገው ጥናት ግን የገባው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቆስጣም በዚህ ረገድ ወደ ስፒናቹ ይጠጋል።

ቆስጣን ለማጣጣል አይደለም። ሉቲን የሚባለው፣ በዓይናችን ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚከማቸውና ከኃይለኛ ብርሃን የሚጠብቀው ቢጫ ቀለም በቆስጣም በጎመንም በደንብ አለ። ማግኒዥየምም ከቆስጣ ይገኛል። ቶሎ የሚበስል፣ ለሕፃንና ለሽማግሌ የሚለሰልስ ቅጠል ነው። ሁለቱን እያፈራረቁ መብላት ጥሩ ነው፤ በሳምንቱ የሚበዛው ግን ጎመን ይሁን እላለሁ።

ጎመኑ የሚጎዳው አሠራሩ ላይ ነው። በጥሬው ስትከትፉት አፍንጫን ነካ የሚያደርግ፣ ሰናፍጭ ሰናፍጭ የሚል ሽታ ይመጣል። ቅጠሉ ሳይነካ በፊት ግሉኮሲኖሌቱና ማይሮሲኔዝ የሚባለው ኢንዛይም በየፊናቸው ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። ቢላዋ ሲያርፍባቸው ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ አይሶታዮሲያኔት የሚባለው የሚሰነፍጥ ንጥረ ነገር ይፈጠራል። ተመራማሪዎች በካንሰር ሕዋሳት ላይ ለዓመታት ሲያጠኑት የቆዩት ይህንና ዘመዶቹን ነው፤ ውጤቱ በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም ጎመን ካንሰርን ይፈውሳል ማለት ግን አይደለም።

ኢንዛይሙ የፈላ ውሃ አይችልም። ብዙ ቤት ጎመኑ መጀመሪያ በሙሉ ቅጠሉ ይቀቀላል፣ ውሃው ተጨምቆ ይደፋል፣ ከዚያ ይከተፋል። እንዲህ ሲሆን ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጀምር ይሞታል፤ በውሃ የሚሟሟው ግሉኮሲኖሌትና ቫይታሚን ሲም ከውሃው ጋር ይፈስሳል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይበቃል። ጎመኑ ታጥቦ በጥሬው ይከተፍ፣ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ድረስ ሳህን ላይ ይቆይ፣ ከዚያ ድስቱ ውስጥ ገብቶ በራሱ ውሃ ተከድኖ ይብሰል። ቅጠሉ ጠንካራ ከሆነ ጥቂት ውሃ ጠብ ማድረግ ነው፤ ሲበስል አብሮ ስለሚመጠጥ የሚደፋ ነገር አይኖርም።

ቀድሞ ተቀቅሎ የመጣ ወይም በረዶ ቤት የቆየ ጎመን ከሆነ ደግሞ ሰናፍጭ አለላችሁ። የሰናፍጭ ፍሬ ያንኑ ኢንዛይም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በ200 ግራም የበሰለ ብሮኮሊ ላይ አንድ ግራም የሰናፍጭ ዱቄት ሲነሰነስ ከአይሶታዮሲያኔቶቹ አንዱ የሆነው ሰልፎራፌን ወደ ሰውነት የሚገባበት መጠን ከአራት እጥፍ በላይ እንደጨመረ አሳይቷል። በጾም ገበታ ጎመኑን በተበጠበጠ ሰናፍጭ እያጠቀሱ መብላት የቆየ ልማዳችን ነው፤ አሁን ደግሞ ሳይንሱም ደግፎታል። የፌጦ ፍትፍትም ከዚሁ ወገን ነው። ፌጦው በጥሬው ተወቅጦ፣ በሎሚና በውሃ ተበጥብጦ ስለሚበላ እሳት ሳይነካው ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይደርሳል።

ቲማቲም፣ ካሮትና ቅባት

ጥሬ ቲማቲም ወይስ የበሰለ? መልሱ በምትፈልጉት ነገር ይወሰናል። የቲማቲም መቅላት ከላይኮፒን ነው፤ ላይኮፒን ደግሞ እሳትና ዘይት ሲያገኝ ከሕዋሱ ግድግዳ ይላቀቃል። አንድ ጥናት ቲማቲምን በ88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ሲያሞቅ ሰውነት ሊወስደው የሚችለው ላይኮፒን ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ቫይታሚን ሲው በ29 በመቶ ቀንሷል። በ100 ግራም ጥሬ ቲማቲም ውስጥ 3 ሚሊግራም ገደማ ላይኮፒን ሲኖር፣ በዚያው ልክ የቲማቲም ድልህ ውስጥ 29 ሚሊግራም ገደማ ይገኛል። ስለዚህ ለላይኮፒኑ ስልስና የቲማቲም ወጥ፣ ለቫይታሚን ሲው ደግሞ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር የቲማቲም ሰላጣ። ምስር ወጥ ባለበት ገበታ ላይ ሰላጣው ይበልጣል፤ ቫይታሚን ሲ የምስሩ ብረት በደንብ እንዲወሰድ ስለሚያግዝ።

ካሮት፣ ዱባ፣ ብርቱካናማ ስኳር ድንች፣ ማንጎና ጎመን በቤታ ካሮቲን የበለጸጉ ናቸው፤ ሰውነታችን ከእሱ ቫይታሚን ኤ ይሠራል። ከእነዚህ ሁሉ ብርቱካናማውን ስኳር ድንች አስቀድማለሁ። ርካሽ ነው፣ ልጆች ይወዱታል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማት ከተሰጣቸው አራት ሳይንቲስቶች ሦስቱ የተሸለሙት በዚሁ ስኳር ድንች ላይ በሠሩት ሥራ ነው። ነጩ ስኳር ድንች ግን ቤታ ካሮቲን የለውም ማለት ይቻላል።

ላይኮፒን፣ ቤታ ካሮቲንና ሉቲን የሚገኙበት የካሮቲኖይድ ወገን ሁሉ ያለ ቅባት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ሰላጣቸውን ያለ ምንም ቅባት የበሉ ሰዎች ደም ውስጥ የገባው ካሮቲኖይድ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለጤናዬ ብሎ ዘይት ጨርሶ የተወ ሰው ሰላጣውን በከንቱ እየበላ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ግማሽ አቮካዶ ይበቃል።

ሽንኩርት

በቀይ ሽንኩርት ውስጥ ያለው፣ ኩዌርሴቲን የሚባለው የዕፅዋት ንጥረ ነገር ሙቀትን ይችላል፤ የሚያመልጠው ወደ ውሃ ነው። በዚህ ረገድ የእኛ አሠራር የተባረከ ነው፤ ወጥ ውስጥ የሚደፋ ውሃ የለምና። እንደ አዳማ ሬድና ቦምቤ ሬድ ያሉት አገር ቤት የምናውቃቸው ዝርያዎች ቀለማቸው ደማቅ ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ ቀዩንና ቢጫውን ብትመርጡ ይሻላል፤ ፍጹም ነጭ የሆነው ኩዌርሴቲኑ በጣም ትንሽ ነው። ስትልጡም ቆጥቡ፤ ንጥረ ነገሩ የሚከማቸው በውጨኛው ሥጋ ላይ ስለሆነ ደረቁን ልጣጭ ብቻ ማንሳት እንጂ ሁለት ሦስት ንብርብር አብሮ መጣል ኪሳራ ነው።

ነጭ ሽንኩርት እንደ ጎመኑ ነው። ሽታውን የሚሰጠው አሊሲን የሚፈጠረው ሲወቀጥ ብቻ ነው፤ የሚፈጥረው ኢንዛይምም እሳት ያጠፋዋል። ወቅጣችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ ከዚያ ድስት ውስጥ ጨምሩት። ከተቻለ ግማሹን ከቁሌቱ ጋር፣ ግማሹን ወጡ ሊወጣ ሲል ማግባት የተሻለ ነው። ተፈጭቶ በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጠው ለጊዜ ቆጣቢ ምቹ ነው፤ ትኩሱን ግን አይተካም።

እርድ፦ ከአልጫው ወይስ ከእንክብሉ

እርዱን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን በእርድ ዱቄት ውስጥ በአማካይ 3 በመቶ ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ከ100 ሚሊግራም ብዙም አይዘልም ማለት ነው፤ ከዚያም ላይ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ዝነኛ ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን ጋር ሲወሰድ በሰው ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን 20 እጥፍ እንደጨመረ አሳይቷል። ፒፐሪን ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ነው። አልጫ ላይ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ መጨመር ስለዚህ ጥሩ ሐሳብ ነው።

እንክብሉን ግን አልመክርም። እንክብል ሻጮች ይህን የ20 እጥፍ ቁጥር ይዘው ብዙ ኩርኩሚንና ፒፐሪን አንድ ላይ ያሽጋሉ፤ በጣሊያንና በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ምርቶችን የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ተጎድቶ ሐኪም ቤት መግባታቸው ተመዝግቧል። በአልጫ ወጥ መጠን እርድ በልቶ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ግን አልሰማሁም። ስትገዙ ደግሞ ያልተፈጨውን ደረቅ ሥር ገዝታችሁ አስፈጩት። በባንግላዴሽ ቢጫነቱን ለማድመቅ የእርሳስ ቀለም ይቀላቀልበት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አጋልጧል፤ እርሳስ ደግሞ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው።

ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ኑግ

ተልባ አሸናፊ ነው፤ የሚቀርበው ተወዳዳሪም የለም። ሊግናን የሚባለው ንጥረ ነገር እስካሁን በብዛት የተገኘው በተልባ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በኔዘርላንድስ በወጣ ዝርዝር ተልባ በ100 ግራም 300 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ ሰሊጥ 30 ሚሊግራም ገደማ ይዟል። የተልባ ዘይት ከግማሽ በላይ ኦሜጋ 3 ነው። የኑግ ዘይት ጣፋጭ ቢሆንም አብዛኛው ኦሜጋ 6 ስለሆነ በዚህ በኩል አይተካውም። ቺያም ኦሜጋ 3 አለው፤ ተልባ ባለበት አገር ግን በዚያ ዋጋ መግዛቱ አይታየኝም።

ሙሉውን ፍሬ መዋጥ ጥቅም የለውም፤ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ለስለስ ባለ እሳት ታምሶ ይወቀጥ ወይም ይፈጭ። ማመሱ በጥሬው ተልባ ውስጥ ያለውን፣ ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚፈጥር ንጥረ ነገር ስለሚቀንስም ይጠቅማል። የተፈጨው ግን አየር ሲያገኘው ዘይቱ ይበላሻል። የሳምንት የሳምንቱን ብቻ ፈጭታችሁ በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት፤ የቆየ ዘይት ሽታ ካመጣ ይደፋ።

ጤፍ፣ ገብስ፣ ዳጉሳ

ቀይ ጤፍ ፖሊፊኖል በሚባሉት፣ ብዙውን ጊዜ ቀለምና ምሬት በሚሰጡት የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ከነጩ ይበልጣል፣ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል። ከቀለሙ ይልቅ ወሳኙ እርሾው ነው። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ብረትና ዚንክን ይይዛል፤ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላ ፋይቴቱ ይቀንሳል። በስደት አገር በሱቅ እርሾ በጥቂት ሰዓት ተነሥቶ የሚጋገረው እንጀራ ዓይኑ ቢያምርም ይህን ሥራ አልሠራም። ዳጉሳ በካልሲየምና በፖሊፊኖል ሀብታም ነው፤ ያው ፖሊፊኖሉ ብረትን ስለሚይዝ ግን ደም ማነስ ላለበት ዋና እህል ባይሆን ይመረጣል።

ኮሌስትሮል ላስቸገረው ሰው ገብስን የሚያህል የለም። ቤታ ግሉካን የሚባለው የገብስና የአጃ አሰር በቀን 3 ግራም ሲወሰድ ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለአጃ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ለገብስ በ2006 ተቀብሎታል። 75 ግራም ያህል የገብስ ዱቄት ወደዚያ ያደርሳል። በስንዴ አሰሩ ቅርፊቱ ላይ ነው የሚበዛው፤ የገብሱ ቤታ ግሉካን ግን በፍሬው ሆድ ውስጥ ሁሉ ተሰራጭቶ ስለሚገኝ ገብሱ ቢፈተግም አብዛኛው ይቀራል። በሶ፣ ቆሎ፣ ገንፎ፣ ቅንጬ፣ የቀናችሁን ምረጡ።

ቡናና ሻይ፦ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው

ቡና የብዙ ሰው ትልቁ የፖሊፊኖል ምንጭ ነው። ከፖሊፊኖሎቹ ዋናው የሆነው ክሎሮጀኒክ አሲድ ቡናው እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሲቆላ ቡኒ ሆኖ ሽታው እንዳወደ ማውጣቱ ዘይት እስኪያወጣና እስኪጠቁር ከመጠበቅ ይሻላል። የጀበና ቡና በወረቀት ስለማይጠለል ካፌስቶል የሚባለው፣ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ቅባት አብሮ ይወጣል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይል አንድ ስኒ ቢጠጣ፣ የቀረውን በወረቀት ተጠልሎ የሚወጣ ቢያደርገው ይጠቀማል። አተላው በደንብ ሳይዘቅጥ አለመቅዳትም ይረዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የብረቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረትን መወሰድ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ልብ የሚባለው ቀጥሎ ያለው ነው። ቡናው ምግቡ ከመበላቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን አብሮ የተጠጣውን ያህል ቀነሰ። እኛ ደግሞ ገበታው ከፍ እንዳለ ነው ጀበናውን የምንጥደው። ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ ውስጥ ያለው ብረት ሆድ ውስጥ እያለ ቡናው ይደርስበታል።

ጤነኛና የብረት ክምችቱ የሞላ ጎልማሳ በዚህ ብዙም አይጎዳም። ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ፣ የወር አበባ ለሚበዛባትና ደም ማነስ ለተገኘበት ሰው ግን ልዩነቱ ከፍ ያለ ነው፤ የሐኪም የብረት ክኒን የሚወስዱትንም ይመለከታል። እህቶቼ፣ ቡናችሁን ተዉ አልልም። ከምሳ በፊት ረፋድ ላይ ይፈላ፣ አለዚያም ምሳው ረጋ ብሎ ወደ አሥር ሰዓት ይሁን። ጎረቤት መጥራቱም፣ ዕጣኑም፣ ጨዋታውም አይቀርም። ልጆች ከምግብ ጋር ሻይ ባይለምዱ ደግሞ እጅግ ደግ ነው፤ በዳቦና በሻይ ቁርስ የሚያድግ ልጅ ያለችውን ጥቂት ብረትም ያጣል።

ምግብ ወይስ ክኒን

ቤታ ካሮቲን በምግብ ሲበላ መልካም ነው ከተባለ በክኒን ቢበዛ ይሻላል ተብሎ ነበር። በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ፣ ክኒኑን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። በአሜሪካ የተጀመረው ተመሳሳይ ሙከራም በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ በዚያኛው ጭማሪው 28 በመቶ ነበር። አጫሽ ዘመድ ካላችሁ ቤታ ካሮቲን ያለበት ክኒን ከውጭ አትላኩለት። ለዓይን በሽታ ሐኪም የሚያዝዘው የሉቲን ክኒን የተለየ ነገር ነው፤ በጥናት የተፈተነ፣ ለተወሰነ ሕመም የሚሰጥ ነው።

ምርጫው የሚቀየርባቸው ሰዎች

ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጎመንና ቆስጣን መተው የለበትም፤ መጠኑን ግን ከሳምንት ሳምንት እኩል ማድረግ አለበት። ቅጠሎቹ በቫይታሚን ኬ የሞሉ ስለሆኑ፣ ሁለት ወር ሥጋ በልቶ በጾም መግቢያ በድንገት በየቀኑ ጎመን መብላት የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ጾሙ ሳይገባ ለሐኪም መንገርና ደምን ማስመርመር ነው። የካልሲየም ኦክሳሌት የኩላሊት ጠጠር ያለበት ደግሞ ቆስጣን፣ ስፒናችንና ቀይ ስርን ይቀንስ፤ ጎመን ይፈቀድለታል።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሽን በብዛት ከመጠጣቱ በፊት ይጠይቅ፤ አብሽ ራሱ ስኳርን ዝቅ ስለሚያደርግ መድኃኒቱ ሲጨመርበት ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል።

ከጥራጥሬዎቹ ጓያን ለብቻው ማንሳት ግድ ነው። ከተክል የሚገኝ ሁሉ ጠቃሚ አይደለምና፣ ጓያ ነርቭን የሚጎዳ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለው። በድርቅ ዘመን ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ጓያ ብቻ የበሉ፣ በተለይም በጎንደርና በጎጃም ገበሬዎች፣ እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል፤ ጉዳቱ አይመለስም። ዘፍዝፎ ውሃውን ደጋግሞ መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ሽሮ ስትገዙ በዋጋው መርከስ ብቻ አትሳቡ፤ ከምን ከምን እንደተዘጋጀ ጠይቁ፤ ከተቻለም ሽምብራውን ወይም አተሩን ራሳችሁ ለቅማችሁ አስፈጩ።